በጣሳ የተሰላ አረፋ

አሸዋ ሲፈላ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። እሳት የለም፣ ውሃ የለም። ምህንድስና ክፍሉ ምድር ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር የቆመ ጠባብ የመስታወት ሣጥን ነበር፤ ቁመቱ ደረቴ ድረስ ይመጣል፤ እስከ ግማሹ ደረቅ አሸዋ ሞልተውታል። ከሥሩ በተወጠረው ወንፊት በኩል አየር ይነፋበታል። አየሩ ትንሽ ሲሆን አሸዋው አሸዋ ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ጨመር ሲያደርጉት ቀስ ብሎ ያብጥና እንደ ውሃ ይላላል፤ የእንጨት ኳስ ቢጥሉበት ይንሳፈፋል፣ ጠጠር ቢጥሉበት ይሰምጣል። አሁንም ጨመር ሲያደርጉት ከታች አንድ ባዶ ቦታ ይወለዳል። ክብ ነው፤ ከሥሩ ብቻ ገባ ብሏል። እየተወዛወዘ ወደ ላይ ይወጣና አናቱ ላይ ሲደርስ ቦፍ ብሎ አሸዋ ይረጫል። አረፋ ነው፤ ውሃ የሌለበት አረፋ። ያን ቀን ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ተፈጥሮዬ እንዲህ ነው። አንድ ነገር ለምን እንደሚሆን ካልገባኝ ያሳክከኛል። በልጅነቴ ዲላ ሳለሁ የአባቴን የእጅ ሰዓት ፈትቼ ስገጥም አንዲት ጥርሳም ክብ ብረት ተረፈችኝ፤ በቀበቶ ተገረፍኩ። ሰዓቱ ግን ያለ እሷም ሠራ። እንዴት እንደ ሠራ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከግርፋቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

የመስታወቱ ሣጥን ባለቤት ፕሮፌሰሬ ነበሩ፤ መላጣ፣ ሲደሰቱ ጆሯቸው የሚቀላ የውጭ አገር ሰው። “ማየቱ ቀላል ነው፤ እስኪ አረፋውን በቁጥር ሥራልኝ” አሉኝና የመመረቂያ ጽሑፌ ሆነ። ነገሩ ሲወራ አያስቸግርም። ሣጥኑን በሐሳብ እንደ ደብተር ወረቀት በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ትሸነሽኑታላችሁ። በእያንዳንዱ ማዕዘን ውስጥ ስንት አሸዋ እንዳለ በቁጥር ትይዛላችሁ። ከዚያ በየቅጽበቱ ከየትኛው ማዕዘን ምን ያህሉ ወደ የትኛው እንደሚሄድ ታሰላላችሁ። በእጅ ቢሠራ ዕድሜ ይፈጃል። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ የነበሩት ኮምፒዩተሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አንዱን የያዘው መሥሪያ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ይፈቅድልን ነበር። ማሽኑ አንድ ሰፊ ክፍል ለብቻው ይዟል። ትእዛዛችንን ካርድ ላይ እየበሳን እናስረክባለን፤ በሳምንቱ ወረቀት ይተፋልናል።

መጀመሪያ የተፋልኝ ጉድ ነበር። አንዱ ማዕዘን ውስጥ ከዜሮ በታች የሆነ አሸዋ አለ፤ በሌላው ውስጥ ሣጥኑ በሙሉ ከሚይዘው የሚበልጥ። ከዜሮ በታች የሆነ አሸዋ ምን ዓይነት አሸዋ እንደሆነ እኔም፣ ማሽኑም አናውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ታገልኩት። በመጨረሻ አንዲት ካርድ ጨመርኩ፤ ከእያንዳንዱ ቅጽበት በኋላ እያንዳንዱ ማዕዘን ቁጥሩን ከአራቱ ጎረቤቶቹ ቁጥር ጋር ትንሽ እንዲያስማማ የምታዝ ናት። ቁጥሮቹ ወዲያው አደብ ገዙ። አረፋውም ከታች ተነሥቶ መውጣት ጀመረ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ግን እየደበዘዘ፣ እየደበዘዘ ጠፋ።

የፕሮፌሰሩ ጆሮ ቀላ። ለማሽኑ የሰጠሁት የሸካራ አሸዋ ሳይሆን የደቃቅ ዱቄት ልክ ነበር፤ ደቃቅ ዱቄት ደግሞ በመስታወቱ ሣጥን ተሞክሮ አያውቅም። “ደቃቅ ዱቄት ውስጥ አረፋው ይሟሟል ማለት ነው!” አሉ ወረቀቱን እያገላበጡ። “ይህን ያየ ሰው የለም።” ስለ ካርዷ አልነገርኳቸውም። ልደብቅ ብዬ አይደለም። ወጥ ውስጥ ጨው ጨመርኩ ብሎ የሚናገር ማን አለ? እንዲያ ነበር የማስበው።

በዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥቶ ማስተማር ግዴታው ነበር። የእኔ ዕጣ ዲላ፣ ያደግሁባት ከተማ ላይ ወደቀ። ጓደኞቼ “እናትህ ጓዳ መለሱህ” ብለው ሳቁብኝ። እኔም አልከፋኝም፤ ከወላጆቼ ቤት እየበላሁ ሒሳብና ፊዚክስ ማስተማር ጀመርኩ።

ጥር ላይ፣ ወደ አገራቸው ከተመለሱት ከፕሮፌሰሩ ደብዳቤ መጣ። የሚሟሟውን አረፋ በክረምቱ አገራቸው ውስጥ በሚደረግ የምሁራን ስብሰባ ላይ ሊያቀርቡት ነው፤ ስሜ ከስማቸው ጎን ይጻፋል። ከዚያም በላይ በዚሁ ሥራ ምክንያት እዚያው ለሁለተኛ ዲግሪ ቦታ አግኝተውልኛል፤ ወጪው ተችሏል፤ ወረቀቱ እስኪደርሰኝ መጠበቅ ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ለአባቴ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። አባቴ በወጣትነታቸው ከሰሜን መጥተው ዲላ የቀሩ፣ የአውራጃ ግዛት ጽሕፈት ቤቱ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ዝምተኛ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ሁለቴ አስነበቡኝ። በማግስቱ ከተማው ሰማ። አባቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ ከከተማው አናት እስከ ገበያ ድረስ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ አወሩ። ጎረቤት ከተማ ወናጎ ያለ ባለ ሱቅ ሳይቀር “የመዝገብ ቤቱ ልጅ ባሕር ሊሻገር ነው” ብሎ ያወራ ነበር። አባቴ ወፍራም ካፖርት እንኳ አሰፉልኝ፤ በዲላ ሙቀት እየለካሁት ላብ በላብ ሆንኩ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርም ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪውን ሁሉ አሰልፈው ስለ እኔ ተናገሩ። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ እረፍት ነሱኝ። “ጋሼ፣ ኮምፒዩተር ምንድን ነው? ያስባል? ይሳሳታል?” ሰሌዳ ላይ ብስል፣ ብጽፍ አልያዛቸውም። አንድ ቀን፣ መጋቢት መግቢያ ላይ ይመስለኛል፣ “እናንተው ኮምፒዩተር ለምን አትሆኑም?” አልኳቸው። አርባ ሁለት ነበሩ። ሰባት ረድፍ በስድስት ዐምድ ሲሆን ልክ ይመጣል። ይህ ሐሳብ ሲመጣልኝ ከእነሱ ይልቅ የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

ሜዳው ላይ በአመድ መስመር አሰመርን። ሜዳችን ተዳፋት ስለሆነ የቁልቁለቱ ረድፍ የሣጥኑ ወለል፣ የዳገቱ ረድፍ የሣጥኑ አናት ሆነ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ማዕዘን ውስጥ ይቆማል። የከተማው ልጆች የቲማቲም ጣሳ ይዘው መጡ፤ ከገጠር የመጡት ግማሽ ቅል። በየጣሳው ውስጥ አሥር አሥር ፍሬ ጀንፈል ቡና ጨመርን፤ ያው ከነገለፈቱ የደረቀው ነው። እሱ ዱቄታችን ነው። በታችኛው ረድፍ መካከል የቆመ አንድ ልጅ ብቻ ባዶ ጣሳ ይይዛል፤ እሱ አረፋችን ነው።

ደንቡን ደግሞ ከመመረቂያ ጽሑፌ አሳጥሬ በሠንጠረዥ ጽፌ አደልኳቸው። ፊሽካ ስነፋ ከሥርህ ያለውን ጣሳ ታያለህ፤ በውስጡ ይህን ያህል ካለ ከራስህ ይህን ያህል ትጥልለታለህ። ፍሬ የሚሄደው ወደ ታች ወይም በሰያፍ ወደ ታች ብቻ ነው። ወደ ጎን የለም፣ ወደ ላይ የለም። ከእያንዳንዱ ፊሽካ በኋላ የቀረህን ቆጥረህ ወረቀትህ ላይ ትጽፋለህ። ያቺን የማስማሚያ ካርድ ግን ተውኳት፤ ለማካፈል ስሌት ልጆቹን ማድከም መስሎኝ ነው። ደግሞ በጣሳ ውስጥ ከዜሮ በታች ቡና አይኖርም።

“ጋሼ፣ አየሩስ የት አለ?” አለ አንዱ።

“አየሩ ሠንጠረዡ ውስጥ ነው” አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳልገባው ግን ያስታውቃል።

የክፍሉን ሞኒተር ላስተዋውቃችሁ። ከገጠር፣ ከኢዲዶ የመጣ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት፣ በዕድሜ ከእኔ ሁለት ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው። በዚያ ጊዜ ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ ጎልማሳ በየክፍሉ አይጠፋም ነበር። ቅዳሜ በቡና መኪና ወደ አገሩ ይሄዳል፤ እሑድ ቸርች ያመልካል፤ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እሱ “ጋሼ” ይለኛል። እኔ ክፍል ውስጥ “አንተ” እለዋለሁ፤ ገበያ መሐል ስንገናኝ ግን አፌ እሺ አይለኝም፣ “እንዴት አደሩ” ይወጣኛል። እሱን አራተኛው ረድፍ ላይ አቆምኩት። ከጎኑ፣ አረፋው ሊያልፍበት በሚገባው መንገድ ላይ፣ ከደጋው አገር ከቡሌ የመጣች ዝምተኛ ተማሪ ቆመች፤ በክፍሉ ከነበሩት አራት ሴቶች አንዷ ናት።

ፊሽካውን ነፋሁ። ጣሳ ተንኳኳ፣ ፍሬ ተቆጠረ፣ እርሳስ ተጫረ። ባዶው ጣሳ ከአንደኛው ረድፍ ወደ ሁለተኛው ወጣ። ሁለተኛ ፊሽካ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ልጅ ሦስት ፍሬ ብቻ ቀረው። አራተኛው ረድፍ ሲደርስ የቡሌዋ ልጅ ጣሳ ውስጥ ሰባት ነበር። ከዚያ በኋላ ባዶ ጣሳ የሚባል ነገር ከሜዳው ላይ ጠፋ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ጎድሎበታል እንጂ አረፋ የለም።

ሟሟ! ልክ እንደ ማሽኑ፣ ልክ ግማሽ መንገድ ላይ። እልል ማለት ነው የቀረኝ። እዚያው ሜዳ ላይ ዘለልኩ፤ ተማሪዎቹም ለምን እንደምዘል ሳያውቁ አብረውኝ ዘለሉ። አንድ ሙሉ ክፍል የያዘ ማሽን ያገኘውን እኔ በጀንፈል ቡና አረጋገጥኩት። ለፕሮፌሰሩ እንደምጽፍላቸው፣ ጆሯቸው እንዴት እንደሚቀላ እያሰብኩ ወረቀቶቹን ሰብስቤ ቤት ገባሁ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቁጥሮቹን ለመላክ በንጹሕ ወረቀት እገለብጥ ጀመር። ሰው ሲገለብጥ ያነባል፤ ጉዴም የመጣው ከዚህ ነው። ድምሩ ልክ ነው፤ አራት መቶ አሥር ፍሬ ገብቶ አራት መቶ አሥር ወጥቷል፤ አንድም አልጠፋም። መንገዱ ግን ልክ አይደለም። የቡሌዋ ልጅ በሦስተኛው ፊሽካ ጣሳዋ ባዶ ሊሆን ይገባ ነበር፤ ሰባት ተጽፏል። ከጎኗ ያለው ሞኒተር አሥር ሊኖረው ሲገባ ስድስት አለው። ከወዲያ ጎኗ ያለውም እንዲሁ ሦስት ጎድሎበታል። ሠንጠረዡ ወደ ጎን ምንም አይሂድ ይላል። ፍሬ እግር የለው።

ሰኞ ሞኒተሩን ለብቻው ጠርቼ ወረቀቱን አሳየሁት። አላንገራገረም።

“አራት ሰጠኋት” አለ።

“ደንቡ አትስጥ ይላል እኮ! አላነበብክም?”

“አንብቤአለሁ ጋሼ። በእኛ ሰፈር ቡና ስንለቅም፣ ቅርጫት ይዘን ወደ ሚዛን ስንሄድ፣ የጎደለበት ካለ አጠገቡ ያለው ሰው ይጨምርበታል። አይነገርም። ዝም ብሎ ነው። ባዶ ቅርጫት ይዞ ሰው ፊት አይቀረብም። ልጅቷ ደግሞ ጣሳው ባዶ ሆነባት፣ አርባ ሰው ያያታል። እኔ አሥር ይዤ እንዴት ብዬ ልቁም?”

“ሌሎቹስ?”

“ሌሎቹም ሰጡ። እኔ ብቻ መሰልኩህ?”

ተናደድኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሳቄ መጣ። ሠላሳ ምናምን ሰው ተመካክሮ ሳይሆን እያንዳንዱ በየራሱ ሹልክ አድርጎ ሰጥቷል፤ ፊሽካ እየነፋሁ ዐይኔ ሥር። አንዱም ነውር መስሎ አልታየው። እንደውም ነውሩ አለመስጠቱ ነው።

በማግስቱ እንደገና ሜዳ ወጣን። “ዛሬ ማንም ለጎረቤቱ እንዳይሰጥ” አልኩ። ሞኒተሩ አማርኛው ላልጠናላቸው በጌዴኦኛ ደገመላቸው። ማጉረምረም ተሰማ። ፊሽካውን ነፋሁ። ባዶው ጣሳ ሁለተኛው ረድፍ ደረሰ፣ ሦስተኛው ደረሰ። አራተኛው ላይ የቡሌዋ ልጅ ጣሳዋን ብድግ አድርጋ ውስጡን አየች፤ ምንም የለም። ሞኒተሩ እጁን ከኋላው አጣምሮ፣ ዐይኑን ሰማይ ላይ ተክሎ ቆሟል፤ ሲያምጥ ያስታውቃል። እንደገና ነፋሁ። በላይዋ ካለው ልጅ ጣሳ አሥር ፍሬ ግልብጥ ብሎ መጣላት። አምስተኛው ባዶ ሆነ፤ ከዚያ ስድስተኛው፤ ከዚያ አናቱ። “ደረሰ! ደረሰ!” ብለው ሜዳውን አናወጡት።

ሞኒተሩ ወደ እኔ መጣ። “ጋሼ፣ ለካ ብንታገሥ ከላይ ይመጣላት ኖሯል” አለኝ።

ሠንጠረዡን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ደንቡ የእኔ ደንብ ነው፣ ልኩም የደቃቅ ዱቄት ልክ ነው፤ አረፋው ግን አልሟሟም። ለማረጋገጥ አንድ ጊዜ ደግሜ አስኬድኳቸው፤ አሁን ደግሞ “እንደ ልባችሁ ስጡ” አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ሰጡ። አረፋው አራተኛው ረድፍ ላይ ሞተ። ልክ ማሽኑ ላይ የሞተበት ቦታ።

ያቺ ካርድ ታወሰችኝ። ከጎረቤቶችህ ጋር ቁጥርህን አስማማ። ልጆቹ ያደረጉት እኔ ኮምፒዩተሩን ያዘዝኩትን ነው። ልዩነቱ እነሱ ጎረቤታቸው አሳዝኗቸው ሲሆን ማሽኑ እኔ አዝዤው ነው። አረፋውን የገደለው የዱቄቱ ደቃቅነት አይደለም። እኔ ነኝ፤ በየቅጽበቱ ጉድጓዱን በቁንጥር በቁንጥር እየደፈንኩ።

ቶሎ እጅ አልሰጠሁም። ምናልባት እውነተኛ ዱቄት ውስጥ በእርግጥ ይሟሟ ይሆናል፣ እኔም በስሕተት መንገድ እውነት ላይ ደርሼ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። በአገራችን ከቡላ የሚደቅ ምን አለ? እናቴ ያስቀመጠችውን የደረቀ ቡላ በሻሽ ነፋሁና ሥሩን በቆረጥኩት ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩት፤ ከታች በጨርቅ ወጥሬ በትምህርት ቤቱ የኳስ መንፊያ አየር ሰደድኩበት። አረፋ ብሎ ነገር የለም! ቡላው እንደ ደረቀ ጭቃ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀና አየሩ በስንጥቁ ሾልኮ ወጣ። ቢያስቸግረኝ ባለ በሌለ ኃይሌ ስነፋው ጠርሙሱ ባዶ ሆነ፣ እኔ፣ ግድግዳውና የእናቴ መጋረጃ ነጭ ሆንን። እናቴ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ለምን እንደ ተሰነጠቀ ግን ሦስት ቀን ሳስብ ሰነበትኩ፤ የመጣሁበት ጉዳይ እስኪረሳኝ ድረስ። ከዚያ ተመልሶ ታወሰኝ። ደቃቅ ዱቄት ውስጥ አረፋ ይሟሟ፣ አይሟሟ አላውቅም። ማሽኑም አያውቅም። ፕሮፌሰሩ ግን በዚያ ሁሉ ምሁር ፊት ቆመው እናውቃለን ሊሉ ነው፤ እኔም በዚያ ምክንያት ባሕር ልሻገር ነው።

ሚያዝያ ላይ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አባቴ ግቢያችን ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ተቀምጠው ጫማቸውን ሲወለውሉ ሄጄ ነገርኳቸው። ስለ አሸዋው፣ ስለ ካርዷ፣ ስለ ጣሳዎቹ። ብሩሹ እጃቸው ላይ ቀረ። እንደሚገባቸው ተጠራጥሬ ነበር፤ ገብቷቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ቁጥርና ፊርማ ሲያመሳክሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

“ከአንተ ሌላ ይህን የሚያውቅ አለ?” አሉኝ።

“የለም አባባ።”

“ፈረንጁ በራሱ ሊደርስበት ይችላል?”

“አይመስለኝም። ካርዷን ካላየ።”

ወደ መንገዱ ተመለከቱ። የሚያልፍ ሰው ሰላም አላቸውና በእጃቸው አጸፋውን መለሱ። “ታዲያ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ምን ቆርጦህ ትናገራለህ?”

ከአባቴ አፍ ይህን እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ፤ ግን ልንገራችሁ፣ በድንጋጤው ሥር ቀለል ብሎኛል። የፈለግሁትን ነው ያሉኝ። ተነሥቼ ወደ ቤት ገባሁ።

ደብዳቤውን ግን ጻፍኩት። ለምን እንደ ጻፍኩት ቁርጥ ያለ ምክንያት የለኝም፤ ያሳክከኝ ስለ ነበር ይመስለኛል። ካርዷን፣ የተማሪዎቹን ሦስት ሙከራ፣ ቁጥሮቹን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ስሕተቱ የእኔ ብቻ መሆኑን ገልጬ አሸግኩት። አድራሻውን ጻፍኩበት። ከዚያ እግሬ አልሄድ አለ። ፖስታ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ብዙ አይርቅም፤ አራት ቀን ሙሉ ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ በደጁ ተመላለስኩ። በአምስተኛው ቀን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ጥዬው ማስተማር ሄድኩ። ስመለስ የለም። እናቴን ጠየቅኋት፤ “አባትህ ይዘውት ወጥተዋል” አለች። አባቴን አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም ምንም አላሉኝም።

ግንቦት ሙሉውን መልስ አልመጣም። ሰኔ ገባ፣ አሁንም የለም። እዚህ ላይ ነው የማፍርበት ነገር ያለው። አባቴ ቀደውታል ብዬ አሰብኩ። ምን ቆርጦህ ትናገራለህ ያሉኝ ሰው፣ ለከተማው ሁሉ ያወሩ ሰው፣ ካፖርት ያሰፉ ሰው፣ በምድጃ ውስጥ ጨምረውታል አልኩ። አሰብኩ ብቻ አይደለም፤ ተመኘሁ። እኔ ጽፌአለሁ፤ ከእኔ የሚጠበቀውን አድርጌአለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ቢጠፋ የእኔ ጥፋት አይደለም። ሌላ መጻፍ እችል ነበር፤ አልጻፍኩም። እራት ላይ አባቴን ቀና ብዬ ሳያቸው ለእኔ ሲሉ ኃጢአት የሠሩ መስለውኝ አንጀቴን ይበሉኝ ነበር። ካፖርቱንም አንድ ሁለት ጊዜ አውጥቼ ለካሁት።

ሰኔ አጋማሽ ላይ የትምህርት ቤቱን ፖስታ እንዳመጣ ዳይሬክተሩ ላኩኝ። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ በመስኮቱ በኩል ቀና ብሎ ሳያየኝ አወቀኝ መሰለኝ፣ “መጣህ? ጥሩ” አለና አንድ የውጭ ደብዳቤ አቀበለኝ። የፕሮፌሰሩ የእጅ ጽሑፍ ነው። እዚያው ቆሜ ቀደድኩት። አጭር ነው። ንግግራቸውን ከስብሰባው አውጥተዋል። ያን ጽሑፍ መሠረት አድርጎ የተሰጠኝ ቦታም በዚያው ቀርቷል። ቀድሜ ብነግራቸው ይሻል እንደ ነበር፣ ዘግይቼም ቢሆን መንገሬን እንደሚያከብሩ ጽፈዋል፤ ተቆጥተዋል፣ ከፊደላቸው ያስታውቃል።

ወረቀቱን ሳጥፍ ሠራተኛው በመስኮቱ ብቅ አለ። “አሁንስ አባትህ ያርፋሉ” አለ።

“እንዴት?”

“እንዴት ትለኛለህ? በሪኮማንዴ ነው የላኩት፤ የተቀበለው ሰው የሚፈርምበት፣ የማይጠፋው ነው አይደል? ከዚያ ወዲህ ዓርብ በመጣ ቁጥር እዚህ ናቸው። ‘የልጄ ደብዳቤ ደርሶ ተፈርሞበታል ወይ?’ እያሉ። ባለፈው ሳምንት ነው ፊርማው የመጣው። ሲያዩት ባርኔጣቸውን አወለቁ።”

ቤት ስገባ አባቴ በረንዳው ላይ ነበሩ። ደብዳቤውን በእጄ አዩ። ምን አለ አላሉኝም፤ ከፊቴ አንብበውታል። ወንበር ሳብ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። መንገዱ ላይ ሰዎች ያልፉ ነበር፤ አንዱ “መቼ ነው ጉዞው?” ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቀ።

“ቀርቷል” አሉ አባቴ፤ እኔ አፌን ሳልከፍት። “ልጄ ሒሳቡ ላይ ስሕተት አግኝቶ ራሱ አሳወቀ።” ሰውየው መንገዱን ቀጠለ። አባቴ ይህንኑ በዚያ ሳምንት ላወሩለት ሰው ሁሉ አንድ በአንድ፣ እየዞሩ ነገሩ፤ በተናገሩበት መንገድ፣ በተናገሩበት ሱቅ ደጃፍ።

እኔ ግን መልሱን ስጠብቅ በነበረበት ጊዜ ሁሉ አባቴ ደብዳቤውን አቃጥለውት ይሆናል ብዬ ስመኝ እንደ ነበር እስኪሞቱ ድረስ አልነገርኳቸውም።